ጠመንጃን ለሽጉጥ ጥይት ማላመድ፦ ከኮሶዬ እስከ ሊማሊሞ የሚነሳ ጥያቄ

ከጎንደር ተነስቶ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ጠመንጃ በዚህ አገር ስንት ትውልድ እንደኖረ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። ገበሬው በትከሻው አንግቶ ገበያ ይወጣል፤ ለቅሶ ላይ ይታያል፣ ሠርግ ላይ ይታያል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣ ጎብኚም መሣሪያ የያዘ ስካውት ይከተለዋል። ከሚታየው ጠመንጃ ሌላ ደግሞ የማይታይ አለ። ከአያት ወርዶ፣ ሰደፉ በጠፍር ታስሮ፣ በቆጥ ላይ ወይም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ነው። ብዙውን ጊዜ ያስቀመጠው ስብራት ሳይሆን የጥይቱ መጥፋት ነው።

ጥይቱ የጠፋን ጠመንጃ ለሌላ ጥይት ማላመድ ይቻላል ወይ? በተለይ ትንሽ፣ ቀላልና በብዛት ለሚሠራው ለሽጉጥ ጥይት? ጥያቄው በሌላው ዓለም ፈቃድና ወርክሾፕ ያላቸው የመሣሪያ ወዳጆች በትርፍ ጊዜያቸው የሚጠበቡበት ነው። ከዚያም አልፈው ስሙን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀውን የሽጉጥ ጥይት መርጠው ጠመንጃ የሚያስማሙለት አሉ። በእኛ አገር ጥያቄው የሚነሳው በጨዋታ ሳይሆን በችግር ነው። እኔ በዚህ ዳሰሳ የምለው አንድ ነው፤ ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የፈታው የጥይቱ አቅርቦት እንጂ የብረት ሠራተኛው ጥበብ አይደለም። ጠመንጃን ወደማይገኝ ጥይት መለወጥ ደግሞ ችግሩን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ነው። ይህን ለማሳየት ከሰሜን ታሪክ መጀመር ይሻላል።

የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም በዘመናቸው ከነበሩት መሳፍንት በነፍጥ ብዛት የታወቁ ነበሩ። ትግራይን ይዘው ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በእጃቸው ስለነበር መሣሪያ ይገባላቸው ነበር። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ተሸነፉ፤ ነፍጡም ወደ አሸናፊው ዞረ። ካሣም እዚያው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የዚያ ዘመን ነፍጥ ዘገምተኛና በዝናብ የሚሰንፍ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ በጎነት ነበረው፤ ጥይት አይመርጥም። ባሩዱ አገር ውስጥ ይቀመማል፤ እርሳሱ ቀልጦ በአፈሙዙ ልክ ይድበለበላል። ጉድጓዱ ቢሰፋ ድብልብሉን ማተለቅ፣ ቢጠብ ማሳነስ ነው። ነፍጡ የሚበላውን ያው መንደሩ ያዘጋጀው ነበር።

ይህ ነጻነት ያበቃው እርሳሱ፣ ባሩዱና ክብሱሩ በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ሲታሸጉ ነው። ቀለህ ጠመንጃን ፈጣን አደረገው፤ በዚያው ልክ ከፋብሪካ ጋር አሰረው። ከዚያ በኋላ የቀለሁ ርዝመት፣ የከንፈሩ ስፋት፣ የአንገቱ ጥበት በጥቂቱ ከተለየ ጠመንጃው አይቀበልም፤ ወይም ተቀብሎ ያዢውን ይጎዳል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሲመጡ የያዙት ስናይደር፣ አባቶቻችን ስናድር ያሉት፣ ራሱ የተለወጠ ጠመንጃ ነበር። በአፈሙዝ የሚጎረሰውን የ1853 እ.ኤ.አ. ኤንፊልድ የኋላውን ቆርጠው በመዝጊያ የሚከፈት አድርገውት ነው። ይህ ለውጥ የተሳካው ግን ከለውጡ ጋር አብሮ ጥይቱን በሚሊዮን የሚያመርት መንግሥት ስለነበረ ነው።

የፈረንሳዩ ግራስ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የእኛ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ መነሻው በወረቀት ጥይት ይተኩስ የነበረው ሻስፖ ነው፤ ለናስ ቀለህ እንዲስማማ ተሻሻለ። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ባለ 8 ሚሊሜትር ለበል ስትይዝ አሮጌው ግራስ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ፈሰሰ። እኛም ውጅግራ አልነው። ጥይቱ ከጠመንጃው በላይ ተራመደ፤ በብዙ ቦታ ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ሰው ጥይት ከፍሎ ዕቃ ይገዛ ነበር። ጥይት የመገበያያ ገንዘብ በሆነበት አገር «የትኛውን ጠመንጃ ልያዝ?» የሚለውን የሚመልሰው ገበያው ነው፤ ገበያ ላይ ያለው የውጅግራ ጥይት ከሆነ ጠመንጃውም ውጅግራ ይሆናል።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ እንጦጦ ያመጣው ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ በክብሱር የሚተኮስ፣ አውሮፓ የጣለው ዓይነት ነበር። ምኒልክ በዚያ ብቻ አልቆሙም፤ ከጣሊያንም፣ ከፈረንሳይም፣ ከሌላም እየገዙ ሬሚንግተኑን፣ ውጅግራውን፣ ሌላውንም አከማቹ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት በዝናሩ የታጠቀው ጥይት ብዙ ዓይነት ነበር። ስንቅ ያቀበለ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። አንዱ ወታደር ጥይት ቢጨርስ ከጎኑ ያለው ሊያበድረው አይችልም።

በዚያው ጦርነት በጣሊያን በኩል የሆነው ለእኛ ጥያቄ የበለጠ አስተማሪ ነው። ጣሊያን በ1891 እ.ኤ.አ. አዲሱን ባለ 6.5 ሚሊሜትር ካርካኖ ይዛ ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ ግን ወታደሮቹን ያሰለፈው በአሮጌው ባለ 10.35 ሚሊሜትር ቬተርሊ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የተከማቸው የአሮጌው ጥይት ስለነበረ። አዲስና ይበልጥ ጥሩ የሆነውን ጠመንጃ ያስቀረው የጥይት ክምችት ነው።

ጣሊያን ራሷ ቆይታ ያንኑ ቬተርሊ ለሌላ ጥይት አላመደችው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ሲያጥራት የቬተርሊውን በርሜል ቦርቡራ ውስጡ ባለ 6.5 ሚሊሜትር ቱቦ ከተተችበት፤ የጥይት ካዝናውንም የካርካኖውን ጥይት እንዲይዝ አደረገች። ፈረንሳይም በ1914 እ.ኤ.አ. ግራሱን በለበል በርሜል አድሳዋለች፤ ለነገሩ የለበል ጥይት ቀለህ ራሱ የተወለደው ከግራሱ ቀለህ ነበር። ሁለቱም ለውጦች ወደ ብዙ ወደሚገኝ ጥይት የተደረጉ ናቸው። ሁለቱም ግን ያልተፈታ ነገር ተሸክመው ወጡ። የቬተርሊው መዝጊያ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው፤ ጭስ አልባው ባሩድ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ መሣሪያ ሰብሳቢዎች የተለወጠውን ቬተርሊ በሙሉ ኃይል ጥይት መተኮስን የሚፈሩት። በርሜሉን መለወጥ የመዝጊያውን ዕድሜና ብርታት አይለውጥም።

አሁን ወደ ሽጉጥ ጥይት እንለፍ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ የዊንቸስተር የ1873 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ጥይት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኮልት ሽጉጥ ውስጥም ገባ። ፈረሰኛው አንድ ዝናር ታጥቆ ሽጉጡንም ጠመንጃውንም ይመግብ ነበር። እዚያ ግን ሁለቱም ከመጀመሪያው ለአንድ ጥይት ተብለው ተሠሩ እንጂ አንዱ ወደ ሌላው አልተጣመመም። ሌላ ጥይት ሲበላ የኖረን ጠመንጃ ወደ ሽጉጥ ጥይት ማምጣት ከዚህ እጅግ የተለየ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ በትልቁ የሞከረው ጆን ፔደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃን መዝጊያ አውጥቶ በቦታው የሚገባ፣ ትንሽ የሽጉጥ መሰል ጥይት እያከታተለ የሚተኩስ መሣሪያ ሠራ። ካዝናው 40 ጥይት ይይዛል። የጥይቱ ውፍረት ከጠመንጃው ጥይት ውፍረት ጋር ስለሚገጥም በርሜሉን መለወጥ አላስፈለገም፤ ጠመንጃው ላይ የተደረገው ዋና ነገር ቀለሁ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ መክፈት ነበር። ወደ 65 ሺህ የሚጠጋ ተሠራ። ጦርነቱ አለቀ፤ መሣሪያውም ሳይዋጋ መጋዘን ገባ፤ በመጨረሻም አብዛኛው ተቃጠለ። ያን ጥይት ሌላ ምንም ነገር አይተኩሰውም ነበር። ወታደሩ በጦር ሜዳ ሁለት መዝጊያና ሁለት ዓይነት ጥይት ተሸክሞ፣ መዝጊያውን እየለዋወጠ መዋጋት ነበረበት። የምህንድስናው ጥራት ከፍተኛ ነው፤ እኔ በዚህ መስክ ካየሁት ብልሃት ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው። ቢሆንም ያሸነፈው የጥይቱ ጥያቄ ነው። የጥይቱ ሐሳብ ግን ፈረንሳይ ሄዶ፣ ረዘም ያለው ባለ 7.65 ሚሊሜትር የሽጉጥ ጥይት ሆኖ በማስ 38 መትረየስ ጠመንጃ ውስጥ ኖሯል።

የእንግሊዙ ደ ሊል ሌላ መንገድ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃን ለባለ 11.43 ሚሊሜትሩ የኮልት ሽጉጥ ጥይት አላመደው። ዓላማው ድምፅ ማጥፋት ነበር፤ ያ ጥይት ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚሄድ ፍንዳታውን በአየር ላይ አያሰማም። የጥይቱ ውፍረት ከኤንፊልዱ ስለሚበልጥ በርሜሉ ተወግዶ የቶምሰን በርሜል ገባ፤ ካዝናው ከኮልት ሽጉጥ ተወሰደ። የተሠራው ጥቂት ነው፤ ወደ 130 ገደማ። የተሳካለትም ሊፈጽመው የፈለገው ጉዳይ ጠባብና ግልጽ ስለነበረ፣ ጥይቱም በእንግሊዝና በአሜሪካ ሠራዊት በገፍ ስለሚገኝ ነው። ከደ ሊል የሚማረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ጠመንጃ ሲለወጥ ከመጀመሪያው የሚቀረው ጥቂት ነው። በርሜሉም፣ ካዝናውም፣ መዝጊያው ቀለሁን የሚይዝበት ፊቱም አዲስ ይሆናል። የሚተርፈው ሰደፉና ምላጩ፣ መዝጊያው የሚሄድበት ቤቱም ነው።

እንግዲህ በትርፍ ጊዜ ሠራተኛው ፊት የሚቆመው ችግር ከዚህ ይወጣል። የመጀመሪያው መለኪያ ነው። ቁጥር ያታልላል፤ በዚህ አገር ደግሞ ብዙ ሰው በቁጥር ይናገራል። ባለ 7.62 የሚባለው የክላሽ ጥይት ቀለሁ 39 ሚሊሜትር ነው፤ የሞሲን ጠመንጃ 54፤ የቶካሬቭ ሽጉጥ 25። ሦስቱም «7.62» ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቤት አይገባም። ዘጠኝ ሚሊሜትርም እንዲሁ። የማካሮቭ ጥይት እርሳሱ 9.27 ሚሊሜትር፣ የፓራቤለም ደግሞ 9.01 ገደማ ነው። ይህችን ሩብ ሚሊሜትር የሚንቅ ሰው አለ። ለእርሳሱ ከሚገባው በላይ የሰፋ በርሜል ጋዙን በጎን ያሾልካል፤ እርሳሱም አይሽከረከርም፣ ኢላማም አይመታም። የጠበበ በርሜል ደግሞ ግፊቱን ከመጠን በላይ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ችግር ርዝመት ነው። የጠመንጃ መዝጊያ ለረጅም ጥይት የተቆረጠ ጉዞ አለው። አጭር የሽጉጥ ጥይት በካዝናው ውስጥ ይዋኛል፤ ከካዝናው ወደ በርሜሉ ሲገፋ አፍንጫው ይሰናከላል ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀለህ አውጪው ጥፍርም ለሌላ ከንፈር ስለተሠራ አንዳንዱን ይይዛል፣ አንዳንዱን ይለቃል። በመጽሐፍ ላይ ቀላል የሚመስለው ነገር እዚህ ላይ ሰውን ይማርራል። አንድ ጠመንጃ አንድ ጥይት መተኮሱ ለውጡ ተሳካ አያሰኝም፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን ያለ እንቅፋት መጉረስና መትፋት አለበት። መሣሪያ አዋቂዎች ብዙ ድካም የሚያፈሱት በርሜሉ ላይ ሳይሆን አጎራረሱ ላይ ነው።

ሦስተኛው የጠመዝማዛው ጅረት ጉዳይ ነው። በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጸው ጅረት ለረጅምና ለፈጣን እርሳስ ታስቦ የተሰላ ነው። አጭሩ የሽጉጥ እርሳስ ሌላ ሽክርክሪት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የኢላማ መለኪያው አለ፤ በ300 ሜትር ላይ እንዲመታ የተቆረጠ መለኪያ ከሽጉጥ ጥይት ጋር ውሸት ይናገራል፤ የሽጉጥ ጥይት ቶሎ ይወድቃልና። ከኮሶዬ ገደል አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን የሚያይ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በዚያ አገር ከሸለቆ ማዶ ያለው ሰው ድምፁ ይሰማል፣ ርቀቱ ግን ከሽጉጥ ጥይት አቅም በላይ ነው። የደጋው ሰው ረጅም ጠመንጃ የወደደው በጌጥነቱ አይደለም፤ የመሬቱ ጠባይ ነው ያስመረጠው።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከፋው፣ ግፊት ነው። እዚህ ላይ ከራሳችን ተራሮች የተሻለ ምሳሌ የለም። ፋሽስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ በሽጉጥ ጥይት በኩል የተዘበራረቀ ሠራዊት ነበረው። አሮጌው የግሊሰንቲ ሽጉጥ ባለ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፤ አዲሱ የ1934 እ.ኤ.አ. ቤሬታ በአጭሩ ዘጠኝ ሚሊሜትር ይተኩሳል፤ በኋላ የመጣውና የጣሊያን የአፍሪካ ፖሊስ የታጠቀው የ1938 እ.ኤ.አ. ቤሬታ አውቶማቲክ ደግሞ በሙሉ ኃይል ዘጠኝ ሚሊሜትር ይሠራል። የግሊሰንቲውና የሙሉ ኃይሉ ጥይት በመልክ አንድ ናቸው። ቀለሁም እኩል ነው፤ አንዱ በሌላው ቤት ይገባል። የግሊሰንቲው ባሩድ ግን የቀነሰ ነው፤ ሽጉጡም ለዚያ ለቀነሰው ኃይል የተሠራ ደካማ ነው። ብርቱውን ጥይት በደካማው መሣሪያ የሚተኩስ ሰው እጁንና ዓይኑን ያስይዛል። የምርኮ መሣሪያ ከምርኮ ጥይት ጋር በሚቀላቀልበት ጦርነት ይህ ምን ዓይነት አደጋ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። «ገብቷልና ይተኩሳል» የሚለው ሐሳብ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው።

የዚህ አካባቢ አርበኞች ጥይትን የሚያገኙት ከጠላት ነበር። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ራስ እምሩና ደጃዝማች አያሌው ብሩ ተከዜን ተሻግረው ደምበጊና ላይ ጣሊያንን ሲመቱ፣ የአውሮፓ መንግሥታት ከጦርነቱ በፊት በጣሉት የጦር መሣሪያ እገዳ ምክንያት ኢትዮጵያ መሣሪያና ጥይት አጥሯት ነበር። ከጠላት የተማረከ ጠመንጃ ጥይቱም ከጠላት ይማረካል፤ በልጅግ የሚባለውን የቤልጅየም ጠመንጃ የያዘ ግን ጥይቱ ካለቀ ከየትም አያገኝም። ስለዚህ ብዙ አርበኛ የሚወደውን በልጅግ አስቀምጦ የጣሊያኑን ምንሽር አነገተ። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ሊማሊሞ አናት ላይ ያለው የወልቀፊት ምሽግ ለወራት ተከቦ፣ ኮሎኔል ጎኔላ ወደ ሦስት ሺህ ከሚጠጋ ሠራዊቱ ጋር እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደር በኅዳር ተከተለ። ከእነዚህ ምሽጎች የወጣው መሣሪያና ጥይት ነው የሰሜንና የወገራ ሰው ለብዙ ዓመት የተጠቀመበት።

ያ ጥይት ሲያልቅ ሌላ መጣ። በዘመነ ኃይለሥላሴ አሜሪካ ኤምዋን ሰጠች። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ደርግ ወደ ሶቭየት ሕብረት ሲዞር የአሜሪካኑ ጥይት ምንጩ ደረቀ፤ ክላሽና ሲሞኖቭ አገሩን ሞላው። ኤምዋን እንደ ጠመንጃ ከሲሞኖቭ አያንስም። የወደቀው ጥይቱ ስለጠፋ ነው። ዛሬ ደግሞ አንድ የክላሽ ጥይት ዓይነት ከዳር እስከ ዳር ስለሚገኝ ሌላው ሁሉ ቦታ አጣ። ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካን የመሰለ የመንግሥት ፋብሪካም ቢሆን የሚያመርተው ሠራዊቱ የሚይዘውን ነው፤ የአያትን ውጅግራ የሚመግብ ማንም የለም።

ይህ አሮጌ መሣሪያ ሁሉ በአገር ውስጥ ብቻ አልቀረም። ባለፉት ዓመታት በኢትዮጵያ መጋዘን የነበረ ብዙ አሮጌ ጠመንጃ፣ ግራሱም፣ ቬተርሊውም፣ ካርካኖውም፣ ተገዝቶ አሜሪካ ገብቷል፤ ለሰብሳቢዎችም ተሽጧል። በዚያ ያሉ የመሣሪያ ወዳጆች አሁን የያዙት ችግር አባቶቻችን የያዙት ነው፤ ጠመንጃው አለ፣ ጥይቱ የለም። ጥይቱን ከሌላ ቀለህ በእጅ የሚያበጁ አሉ። የእነሱ ልምድ አንድ ነገር ያረጋግጣል። ለአሮጌ ጠመንጃ ትክክለኛውን ጥይት መሥራት ጠመንጃውን ለሌላ ጥይት ከመለወጥ ይቀላል፣ ጠመንጃውንም ያድናል። ጥይት ቢበላሽ ሌላ ይሠራል፤ የተቦረቦረ የ1874 እ.ኤ.አ. በርሜል ግን ተመልሶ አይመጣም። በተጨማሪም የተለወጠ ጠመንጃ ታሪካዊ ዋጋው ይወድቃል። ዓድዋን ያየ ሊሆን የሚችል ጠመንጃ የሽጉጥ በርሜል ሲገባበት የማንም ያልሆነ ብረት ይሆናል።

ስለዚህ እንግዳ የሆነ የሽጉጥ ጥይት የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ይወርሳል። የጠመንጃውን ዋና በጎነት፣ ርቀትንና ብርታትን፣ ያጣል። የሽጉጥ ጥይትን ዋና በጎነት፣ በየቦታው መገኘትን፣ ደግሞ አያገኝም። በሥራ ቤቱ ተቀምጦ ጥበቡን ለመፈተን ለሚሠራ ሰው ይህ ኪሳራ ላይሆን ይችላል፤ ድካሙ ራሱ ደስታው ነውና ያንን አከብራለሁ። ፋብሪካ ያልሠራውን ቀለህ ማበጀት፣ ካዝና መሞረድ፣ መዝጊያ ማስማማት ከፍተኛ የእጅ ሙያ ነው። ግን ጠቃሚ መሣሪያ እሠራለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው የፔደርሰንን ዕጣ ማወቅ አለበት፤ መንግሥትና ፋብሪካ ከኋላው ቆመውለት እንኳ ጥይቱ ሌላ ቤት ስላልነበረው ተቃጠለ።

በእኛ አገር ጉዳዩ ከዚህ የከበደ ነው፤ ፈጽሞ ከጨዋታ ጋር አይገናኝም። ፖሊስ ተያዘ ብሎ ከሚያስታውቃቸው መሣሪያዎች መካከል «ኢኮልፒ ሽጉጥ» የሚለው ስም ደጋግሞ ይሰማል። ኢኮል በቱርክ የሚሠራ የድምፅ ሽጉጥ የንግድ ስም ነው። የድምፅ ሽጉጥ ብረቱ ለእርሳስ ግፊት አልተሠራም። እሱን ለእውነተኛ ጥይት ያላመደ ሰው የሸጠው በተኳሹ ፊት ላይ የሚፈነዳ ዕቃ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሥራትንም ይከለክላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዘረዘርኳቸው ችግሮች እንዴት እንደሚፈቱ አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ የደረሰበት አገር ነው፤ ሕዝቡ ጠመንጃ የሚያመጣውን በሬሳ ቆጥሯል። በዚያ ላይ አስተማማኝ ያልሆነ መሣሪያ መጨመር ለማንም አይበጅም።

ለኔ የጥያቄው መልስ እንዲህ ነው። ጠመንጃን ለሌላ ጥይት ማላመድ በታሪክ የተሳካው መንግሥት ሲያደርገው፣ ወደ ብዙ ወደሚገኝ ጥይት ሲሆንና የመዝጊያው ብርታት ከጥይቱ ግፊት ሲበልጥ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ወይ መጋዘን ገብቷል፣ ወይ ሰው ጎድቷል። ወደ ጥቂት ወደሚገኝ የሽጉጥ ጥይት የሚደረግ ለውጥ ከሦስቱ ሁለቱን ከጅምሩ ያጣል።

ይልቅ በሰሜንና በወገራ ቤቶች ያሉት የጥንት ጠመንጃዎች ሳይቦረቦሩ፣ ሳይሞረዱ፣ እንዳሉ ይቆዩ። ባለቤቶቻቸው በሕጉ መሠረት ያስመዝግቧቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የክልሉ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ደግሞ የእያንዳንዱን ጠመንጃ ስም፣ የያዘውን ሰው ታሪክ፣ የተዋጋበትን ቦታ ከሽማግሌዎቹ አፍ ይጻፉልን። ውጅግራን፣ ስናድርን፣ ምንሽርን በስማቸው የሚለዩ አዛውንት በየቀኑ እያለቁ ነው፤ ይህ ሥራ ዘንድሮ ካልተጀመረ የሚጠየቅ ሰው አይቀርም።